ከቧንቧው እስከ ስንጥቡ፦ በግራንድ ፕሬሪ የቤት ውስጥ ዓሣ ገንዳ ውሃ እንዴት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል?

ግራንድ ፕሬሪ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል የተዘረጋች፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከ190 ሺህ በላይ ነዋሪ የተመዘገበባት የቴክሳስ ከተማ ናት። በደቡቧ የጆ ፑል ሐይቅ፣ በምሥራቋ የማውንቴን ክሪክ ሐይቅ ይገኛሉ፤ በሰሜኗም የትሪኒቲ ወንዝ ምዕራባዊ ክንድ ያልፋል። በየቤቱ ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ግን በአብዛኛው ከዳላስ ከተማ የውሃ አገልግሎት ተጣርቶና ታክሞ በግዢ የሚመጣ ሲሆን፣ ከፎርት ወርዝ የሚገዛ ውሃና ትሪኒቲ ከሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ክምችት በጉድጓድ የሚወጣ ውሃም ይታከልበታል። በሳሎኑ ጥግ የመስታወት ገንዳ አቁሞ ዓሣ የሚያኖር ቤተሰብ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ይህንን የውሃውን መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ከቧንቧው የሚቀዳው ውሃ ለሰው ጤና ታስቦ የተሰናዳ እንጂ ለዓሣ ስንጥብ የተዘጋጀ አይደለም፤ ለሰው ደኅንነት ሲባል የተጨመረበት ነገርም ዓሣውንና ዓሣውን በሕይወት የሚያቆየውን ማጣሪያ በአንድነት ሊገድል ይችላል።

በዓሣ አያያዝ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ጥርት ብሎ የሚታይ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም ነው። ዓሣ የበላው ፕሮቲን በሰውነቱ ውስጥ ከተሰባበረ በኋላ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው የሚያስወግደው፣ እንደ አጥቢ እንስሳት ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት መልክ ሳይሆን፣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ በቀጥታ ወደ ውሃው በመልቀቅ ነው። ሳይበላ የቀረ ምግብ፣ ኩስና የበሰበሰ ቅጠልም ሲፈርሱ ይህንኑ አሞኒያ ይጨምራሉ። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለም የለውም፤ ለዓሣ መርዝ በሚሆንበት መጠን ደግሞ ለሰው አፍንጫ እንኳ ላይሸት ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ገንዳ ውስጥ ያሉ ዓሦች ስንጥባቸው እየተቃጠለ ወደ ውሃው ወለል ወጥተው አየር ሲምጉ ማየት የተለመደ ነው።

የአሞኒያ ጉዳት በየአካባቢው ውሃ ጠባይ ይለያያል። በውሃ ውስጥ ያለው አሞኒያ በሁለት መልክ ይገኛል፦ አንዱ በቀላሉ የስንጥብን ስስ ሽፋን ዘልቆ የሚገባው መርዛማው አሞኒያ ሲሆን፣ ሌላው ብዙም ጉዳት የማያደርሰው አሞኒየም ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስኑት የውሃው ሙቀትና ፒኤች፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድ ወይም ወደ አልካላይ ማዘንበሉ የሚለካበት መስፈርት ናቸው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ 9 ሲደርስ ደግሞ ከሲሶ ያልፋል። ከዳላስ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ፒኤቹ ከ8 በላይ በመሆኑ፣ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ባለበት አገር ዓሦች ሊታገሡት የሚችሉት የአሞኒያ መጠን በግራንድ ፕሬሪ ገንዳ ውስጥ ሊፈጃቸው ይችላል። በሌላ አገር የተጻፈ የአያያዝ መመሪያ በዚህ ከተማ ሁልጊዜ በቀጥታ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ይህን መርዝ ከውሃው የሚያነሣው በማጣሪያው ውስጥ የሚኖር ሕይወት ነው። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 አካባቢ እንዳሳየው፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኃይል የሚያገኙት አሞኒያን ከኦክስጅን ጋር በማዋሐድ ነው፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ሌላ መርዝ ሲለውጠው፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይት የዓሣውን ደም ኦክስጅን የመሸከም ዐቅም ስለሚያሳጣ፣ ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው የማያንስ ዋጋ አለው። ከቪኖግራድስኪ በኋላ የተገኘው እውቀት ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት በቤት ገንዳዎች ውስጥ ናይትራይትን የሚያነሡት ለረጅም ጊዜ እንደታሰበው ናይትሮባክተር የተባሉት ሳይሆኑ ናይትሮስፒራ የተባሉት መሆናቸውን አመለከተ። በ2005 ደግሞ አሞኒያን የሚጠቀም፣ ከባክቴሪያ የተለየ የአርኬያ ወገን የሆነ ደቂቅ ፍጥረት ተለይቶ ወጣ፤ የተገኘውም በሲያትል ከተማ ሕዝባዊ አኳሪየም ውስጥ ከነበረ የባሕር ውሃ ገንዳ ነበር። ለመዝናኛና ለትምህርት የተሠራ የዓሣ ገንዳ ለዓለም ሳይንስ አዲስ ፍጥረት ማበርከቱ ሊጠቀስ የሚገባው ነገር ነው።

እንግዲህ ፊልተር ወይም ማጣሪያ የሚባለው መሣሪያ በመሠረቱ ለእነዚህ ደቂቅ ፍጥረታት የተሠራ መኖሪያ ነው። ፓምፑ ውሃውን ይስባል፤ ስፖንጁ ወይም ጥጡ ፍርፋሪውንና ኩሱን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ጥቃቅን ቀዳዳ በሞላባቸው የሸክላ ቀለበቶች ወይም ድንጋዮች መካከል ሲያልፍ፣ በላያቸው በስሱ የተለበዱት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ይወስዳሉ። ቆሻሻን መያዝ በዓይን ስለሚታይ ብዙ ሰው ዋናው ሥራ እሱ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ስፖንጁ ላይ የተጠራቀመ ኩስ ገና ከውሃው አልወጣም፤ ታጥቦ እስኪጣል ድረስ እዚያው እየፈረሰ አሞኒያ ይለቃል። ሦስተኛው የማጣራት ዓይነት ኬሚካላዊ የሚባለው ሲሆን፣ በልዩ ሙቀት የተዘጋጀ ከሰል ቀለምን፣ ሽታንና የመድኃኒት ትራፊን ይስባል፤ አሞኒያን ግን አይነካም፤ ሲጠግብም መለወጥ አለበት። ለአብዛኛው የቤት ገንዳ ከሰል ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እንጂ የዘወትር አስፈላጊ አይደለም፤ በየወሩ ካልተቀየረ አይሆንም ተብሎ የሚሸጠው ከረጢትም ባክቴሪያውን ይዞ ስለሚጣል ብዙውን ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

በግራንድ ፕሬሪ ሁኔታ ከሁሉ የሚያስቸግረው የቧንቧው ውሃ የሚጠበቅበት ኬሚካል ነው። ዳላስ ውሃውን ከጀርም የምትጠብቀው በክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚፈጥሩት ውሕድ ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ወደዚህ ውሕድ ያዘነበሉት፣ ነጻ ክሎሪን በሐይቅ ውሃ ውስጥ ካለው ብስባሽ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥራቸው ጎጂ ውሕዶች እ.ኤ.አ. በ1979 በፌዴራል ደረጃ ገደብ ከተጣለባቸው በኋላ ሲሆን፣ ክሎራሚን እነዚህን ውሕዶች በጥቂቱ ስለሚፈጥርና በረጅም ቧንቧ ውስጥ ሳይበን ስለሚቆይ ተመራጭ ሆኗል። በዚህ ጽናቱ የተነሣ ግን ለዓሣ አርቢ ፈተና ይሆናል። በአዲስ አበባ የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ በክሎሪን ይታከማል፤ ነጻ ክሎሪን በበርሜል ወይም አፉ በተከፈተ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ቢያድር አብዛኛው በንኖ ይሄዳል፤ በዚህ ልማድ ያደገ ሰው በቴክሳስም ውሃውን አሳድሮ ወደ ገንዳው ቢጨምር፣ ክሎራሚኑ ምንም ያህል ሳይቀንስ ገብቶ ስንጥቡን ይለበልባል፤ ማጣሪያው ውስጥ ያለውንም ሕይወት ይጎዳል። ማፍላትም ቢሆን በቤት ምድጃ ዐቅም አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም።

መፍትሔው ሶዲየም ታዮሰልፌት ወይም መሰል ንጥረ ነገር ያለበት፣ በቤት እንስሳት መደብር የውሃ ማስተካከያ ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ነው። እዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታዮሰልፌት ክሎሪኑን ያጠፋዋል፤ ከክሎሪኑ ጋር ተጣምሮ የነበረው አሞኒያ ግን ተፈትቶ በውሃው ውስጥ ይቀራል። በክሎሪን መጠን ሲለካ በሊትር 3 ሚሊግራም የሚሆን ክሎራሚን ያለበት ውሃ፣ ሲፈታ በሊትር ወደ 0.6 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ይለቃል። የገንዳው ሩብ ሲቀየር ይህ መጠን በጠቅላላው ውሃ ተከፋፍሎ ወደ 0.15 ይወርዳል፤ ማጣሪያው የጎለመሰ ከሆነም በሰዓታት ውስጥ ያነሣዋል። ቆሽሿል ተብሎ ውሃው በሙሉ ከተገለበጠና ማጣሪያው በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ግን አሞኒያው ሙሉ ሆኖ ይገባል፤ የሚያነሣውም አይኖርም። ስለዚህ በዚህ ከተማ የሚገዛው ማስተካከያ ክሎራሚንን እንደሚያጠፋና የተፈታውን አሞኒያ ለጊዜው እንደሚይዝ በመያዣው ላይ የተጻፈበት ሊሆን ይገባዋል። እንዲህ ያለው ማስተካከያ ከተጨመረ በኋላ የአሞኒያ መመርመሪያው አሁንም ቀለሙን ሊቀይር ይችላል፤ ብዙዎቹ የቤት መመርመሪያዎች የታሰረውንና ያልታሰረውን አሞኒያ ስለማይለዩ፣ በዚህ መደናገጥና ውሃውን ደግሞ መለወጥ አያስፈልግም።

ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው ልማድ በክሎራሚን ውስጥ ባለው አሞኒያና በደቂቅ ፍጥረታቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ይበልጥ ያብራራዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ጋርላንድን ጨምሮ ለፕሌኖና ለሜስኪት ውሃ የሚያቀርበው የሰሜን ቴክሳስ የውሃ ተቋም፣ በአውሮፓውያኑ ማርች ወር በየዓመቱ ክሎራሚኑን ለጊዜው ትቶ በነጻ ክሎሪን ይጠቀማል። ምክንያቱ በቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ የሚራቡ፣ ከክሎራሚን የሚለቀቀውን አሞኒያ እየተመገቡ የጥበቃውን ኬሚካል የሚያዳክሙ ደቂቅ ፍጥረታት በመኖራቸው ነው። የከተማው የውሃ ባለሙያ በየዓመቱ ከቧንቧው የሚያጸዳቸው እነዚህ ፍጥረታት በቤት ገንዳው ማጣሪያ ውስጥ ዓሣውን ከሞት የሚያድኑት ወገኖች ናቸው። ዓሣ ባለበት ቤት በዚያ ወቅት የክሎሪን ሽታ ጠንክሮ ከተሰማ የማስተካከያውን መጠን ከመያዣው መመሪያ ጋር ማስተያየት ይገባል።

የጀማሪ ቤተሰብ ታሪክ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ልጆቹ ቅዳሜ ከመደብር ሲወጡ 75 ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ ማጣሪያ፣ ጠጠርና ሰባት ስምንት ዓሣ ተገዝቶላቸዋል፤ እሑድ ገንዳው ደምቆ ያድራል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ውሃው ወተት የነካው ይመስል ይነጣል፤ እናት ቆሻሻ መስሏት ሁሉንም ትገለብጠዋለች፤ ጠጠሩንና ስፖንጁን በሙቅ ውሃ ታጥባለች፤ በሁለተኛው ሳምንት ዓሦቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ ልጆቹም ያለቅሳሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ የለም፤ ያልተነገራቸው ነገር ብቻ አለ። ነጭ ደመናው በራሱ መርዝ አይደለም፤ በአዲስ ውሃ ውስጥ የሚራቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸውና ቢተው በራሱ ይጠራል። አሞኒያን የሚያነሡት ባክቴሪያዎች ግን ቀስ ብለው የሚባዙ በመሆናቸው አንድ አዲስ ማጣሪያ ሥራውን ለመቻል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚያ ሳምንታት ዓሣ ሳያስገቡ ጥቂት አሞኒያ እየጨመሩ መጠበቅ፣ አለበለዚያ አንድ ሁለት ዓሣ ብቻ አስገብቶ በጥቂቱ እየመገቡና ውሃውን በየቀኑ እየመረመሩ መቆየት ያስፈልጋል።

ጊዜውን የሚያሳጥር የታወቀ ዘዴ አለ፤ ከጤነኛና ከቆየ ገንዳ ማጣሪያ ላይ ስፖንጅ ወይም የሸክላ ቀለበት ተካፍሎ በአዲሱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እርሾ ከጎረቤት ተበድሮ ሊጥ እንደሚቦካው ማለት ነው። የሚሰጠው ገንዳ በሽታ የሌለበት መሆኑ መረጋገጥ፣ ስፖንጁም በራሱ ገንዳ ውሃ እንደራሰ መጓጓዝ አለበት፤ ከደረቀ ወይም አየር ባጣ ከረጢት ውስጥ ረጅም ሰዓት ከቆየ በውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታል።

ማጣሪያው ሲመረጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ የገንዳውን ጠቅላላ ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ የሚያዞር ዐቅም ያለው መሆኑን ማየት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል፤ ቆሻሻ ለሚያበዙት እንደ ወርቃማ ዓሣ ላሉት ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል፤ ረጋ ያለ ውሃ ለሚወደው ቤታ ለተባለው ዓሣ ደግሞ በአየር ግፊት የሚሠራ ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ከብዙ ውድ መሣሪያ የተሻለ ነው። ስፖንጁ ሲደፈን የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ በመጭመቅ ነው፤ እስኪነጣ መታጠብ የለበትም፤ ሁሉም ክፍል በአንድ ቀን አይነካም።

ባክቴሪያዎቹ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ከ4 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ በሊትር ወደ 8.3 ሚሊግራም የነበረው በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ገደማ ይወርዳል። በቴክሳስ በጋ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ራሱ ሞቃት ስለሆነ፣ የአየር ፓምፕ መጨመርና የማጣሪያውን መፍሰሻ የውሃውን ወለል እንዲያናውጥ አድርጎ ማዘንበል ብዙ ዓሣ ያድናል።

የኦክስጅንን ነገር ያስተማረው ግን ብርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው የበረዶ ማዕበል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን ኤሌክትሪክ አሳጣ፤ የካቲት 16 በዳላስ ፎርት ወርዝ አየር ማረፊያ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። ማሞቂያና ፓምፕ ሲቆሙ ብዙ ሰው የተጨነቀው ለሙቀቱ ነበር፤ ነገር ግን ክዳኑ ተዘግቶ በሚቆም ማጣሪያ ውስጥ ያለው ውሃ ኦክስጅኑን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሳል፤ ባክቴሪያዎቹም ታፍነው መሞትና መበስበስ ይጀምራሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ያንን የበሰበሰ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ዓሦቹ ይገፋዋል። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያውን መክፈት፣ ስፖንጁንና ቀለበቶቹን አውጥቶ በገንዳው ውሃ ውስጥ ማንሳፈፍ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ማስነሣት፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈንና ዓሦቹን አለመመገብ በቂ መከላከያ ነው፤ ያልበላ ጤነኛ ዓሣ ለቀናት ይቆያል፤ የሚለቀው አሞኒያም ያንሳል።

በግራንድ ፕሬሪ የውሃ ታሪክ ውስጥ ግን ለዓሣ አርቢ ከሁሉ የሚከብደው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 መጀመሪያ የሆነው ነው። በአንድ የኢንዱስትሪ ቦታ የተነሣን እሳት ለማጥፋት የዋለ አረፋ ወደ ውሃ መስመሩ ገባ፤ ከተማውም ከኢንተርስቴት 20 አውራ ጎዳና በስተሰሜን የሚኖሩ ነዋሪዎች ሽንት ቤት ከማጠብ በቀር ውሃውን ለምንም ነገር እንዳይጠቀሙበት አሳሰበ፤ ምርመራው ተካሂዶ እገዳው የተነሣው ከቀናት በኋላ ነበር። አረፋ የሚፈጥሩ ኬሚካሎች የውሃውን ወለል ውጥረት ያላላሉ፤ የዓሣውን ስንጥብና ገላውን የሚጠብቀውን ልሃግ ይጎዳሉ፤ እነዚህን የውሃ ማስተካከያው አያጠፋቸውም፤ ባክቴሪያዎቹም በሰዓታት ውስጥ አያነሡአቸውም፤ ከሰሉ ደግሞ ጥቂቱን ይይዝ እንደሆን እንጂ ዋስትና አይሆንም። እንዲህ ባለ ቀን ማጣሪያው ጤነኛ የሆነ ገንዳ ውሃ ሳይቀየርለት ለሳምንት ያህል ያለ ችግር ይቆያል፤ ማጣሪያው ያልጎለመሰ ወይም ዓሣ የበዛበት ገንዳ ያለው ሰው ግን አስቀድሞ ታክሞ በንጹሕ ጀሪካን የተቀመጠ ውሃ ያስፈልገዋል። በየቤቱ ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ አስቀምጦ በየጊዜው መለወጥ ቀላል ሥራ ነው፤ ማስታወቂያውን ሳይሰማ እንደ ልማዱ ሩቡን ውሃ የቀየረ ሰው የሚደርስበትን ማሰብ ደግሞ ለዚህ ትጋት ይበቃል።

ማጣሪያው ሥራውን በሚገባ ሲሠራ እንኳ ናይትሬት ይቀራል። ተራ ማጣሪያ ከዚህ አያልፍም፤ ናይትሬትን የሚያወጡት የውሃ ለውጥና ተክሎች ናቸው። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ደንገልና ሌሎች የረግረግ ዕፅዋት ከእርሻ የሚወርደውን ናይትሮጅን ይስቡ ነበር፤ የረግረጉ ሽፋን በቀነሰና ከማሳና ከከተማ የሚገባው ምግበ ዕፅ በበዛ ቁጥር ግን ያው ናይትሮጅን እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መስፋፋቱ ለታወቀው ለእምቦጭ ምግብ ሆኗል። በመስታወት ገንዳ ውስጥም ሁኔታው ይኸው ነው፤ ናይትሬት ከበዛ አረንጓዴ አልጌ በመስታወቱና በጠጠሩ ላይ ይዘረጋል፤ ፈጥነው የሚያድጉ የውሃ ተክሎች ካሉ ግን ናይትሬቱን ቀድመው ይወስዱታል። እምቦጭን ለዚህ ዓላማ መጠቀም በቴክሳስ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ከማንኛውም መደብር የሚገዛ ተክልም ቢሆን ከመግባቱ በፊት መታጠብና መመርመር ይኖርበታል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በአሜሪካ የቤት እንስሳት መደብሮች በሚሸጡ፣ ሞስ ቦል በሚባሉ የአልጌ ኳሶች ላይ ዜብራ የተባለው ወራሪ የቀንድ አውጣ ዘመድ ተገኝቷልና። ይህ ፍጥረት ለዳላስ ውሃ በሚያቀርቡት በሬይ ሮበርትስና በሉዊስቪል ሐይቆች አስቀድሞ የሰፈረ ሲሆን፣ የውሃ መሳቢያ ቧንቧዎችን የሚደፍን ነው።

በሳምንት አንድ ቀን የገንዳው ሩብ ውሃ በቱቦ ከጠጠሩ መካከል ኩሱን እየሳበ ይወጣል፤ በምትኩ የሚገባው ከቧንቧ የተቀዳ፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተመጣጠነና ማስተካከያ የተጨመረበት ውሃ ነው። ናይትሬቱ በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች፣ ቢቻል በ20 አካባቢ እንዲቆይ ይህ ለአብዛኛው ገንዳ ይበቃል። የወጣው ውሃ ለጎመንና ለቃሪያ መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ መድኃኒት ወይም ጨው ካልተጨመረበት በየጓሮው ሊፈስ ይችላል። ወደ ጆ ፑል ሐይቅ ወይም ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ ግን ውሃውም ሆነ ዓሣው ሊደፋ አይገባውም፤ ለማኖር ያልተቻለ ዓሣ ለሌላ አርቢ ወይም ለመደብር ይመለሳል።